«የባለቤቴን አክስት ብሎክ ላድርጋቸው?»

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። 34 ዓመቴ ነው፤ አግብቼ የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ። ቤት ውስጥ ባልትና እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ድርቆሽ። ደንበኞቼን አብዛኞቹን ያገኘሁት በፌስቡክ ነው።

ባለፈው ወር የባለቤቴ አጎት ሊታከሙ ነው ተብሎ ለእያንዳንዱ ቤት 3,000 ብር መዋጮ ተደለደለ። እኛ የቤት ዕዳ ባንክ የምናስገባበት ሰሞን ስለነበር 500 ሰጥተን ‹ቀሪው አሁን እጃችን ላይ የለም፣ ትንሽ ታገሡን› አልን። እውነታችንን ነበር። በሳምንቱ ቅዳሜ የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ከነቤተሰባቸው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ወስዶ አዋለን። ከኪሳችን አንድ ብር አልወጣም። የባልደረባው ሚስት ፎቶዎቹን ለጠፈችና እኔን ታግ አደረገችኝ። እኔ አንድም አልለጠፍኩም! ማታውኑ የባለቤቴ አክስት ልጅ አይታው ለእናቷ አሳየቻቸው። እሳቸው ከእኛ ሁለት ብሎክ አለፍ ብለው ነው የሚኖሩት። እሑድ ቡና ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ‹ቢሾፍቱ ደኅና ናት?› አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ባለቤቴ ‹ይኼን ፌስቡክሽን ዝጊው› ይለኛል። ብዘጋው ገበያዬ ይሞታል። አክስቱንና ልጃቸውን ብሎክ ላድርጋቸው? ወይስ ባለቤቴን ልስማ? ፌስቡክ እንደሆነ ሰላም የሚሰጥ ነገር አልሆነም፤ በቀደም እንኳ በርበሬ ሊገዛ የመጣ የማላውቀው ሰው ልጄን በስሟ ጠርቶ ‹ዛሬ ትምህርት ቤት የለም እንዴ?› ሲላት ደንግጫለሁ። ምን ይመክሩኛል? — ስሜ ይቆይ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቢሾፍቱው ፎቶ በሰፊው ጽፈሻል። ስለ በርበሬ ገዢው ግን አንድ መስመር ብቻ፣ ያውም መጨረሻ ላይ፣ እግረ መንገድሽን። እኔ ከዚያች መስመር ልነሣ። አክስትየው ቢቀየሙ ሽማግሌ አለ፣ ቡና አለ፣ ፋሲካ ይመጣል። ልጅሽን በስሟ የጠራትን ሰው ግን ማን እንደሆነ አታውቂውም።

ሰውየው ክፉ ነው እያልኩሽ አይደለም። ምናልባት የልጆች አባት ነው፤ ላጫውታት ብሎ ነው። ግን ስሟን ከየት አገኘው? ልገምት፤ ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ። ባልትናሽን የምትሸጪው በራስሽ ስም በከፈትሽው አካውንት ነው፤ ገዢ እንዲያይልሽ ብለሽ ሁሉንም «ፐብሊክ» አድርገሽዋል። በርበሬውን ሊያይ የገባ ሰው በጣቱ ትንሽ ወደ ታች ሲገፋ የልደቷን ኬክ ያገኛል፤ ስሟና ዕድሜዋ በክሬም ተጽፎበታል። ዝቅ ሲል ደግሞ መስከረም ላይ አዲስ ዩኒፎርም ለብሳ ደረጃው ላይ ቆማለች፤ ደረቷ ላይ የትምህርት ቤቱ አርማ አለ። ከዚያም ዝቅ ሲል «ሰርቪሱ ዛሬም አረፈደብን» ብለሽ የጻፍሽው አለ። እያንዳንዱ ለብቻው ምንም አይደለም። አንድ ላይ ሲነበብ ግን የልጅቷ ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት ቤትና ከቤት የምትወጣበት ሰዓት ነው።

እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው እኔም ስለደረሰብኝ ነው። የካ አባዶ የገባን ሰሞን፣ የመጀመሪያውን እንቁጣጣሽ አዲሱ ቤት ስንውል፣ ቄጤማ ጎዝጉዤ ረከቦቱን ዘርግቼ ፎቶ አነሣሁ። ጀበናው፣ ፈንዲሻው፣ ጭሱ ሳይቀር ያምር ነበር። ከጀርባዬ በሩ ክፍት ነው፤ በበሩ በኩል የፊት ለፊቱ ሕንፃ ይታያል፤ ጎኑ ላይ የብሎኩ ቁጥር ያን በሚያህል ቀለም ተጽፏል። ይህ አልበቃ ብሎኝ በሳምንቱ «የቤቱ አባወራ ፊልድ ወጥቷል፣ ለአሥራ አምስት ቀን ብቻዬን ነኝ፣ የምትወዱኝ ብቅ በሉ» ብዬ ጻፍኩ። ወዳጅ መጥራቴ ነበር። የእህቴ ልጅ ነው የደወለልኝ፤ «አክስቴ፣ ሌባ ቢሆን ካርታ ሥለሽ፣ ሰዓቱንም ነግረሽው ነበር» አለኝ። እኔ ጓደኞቼ ብቻ የሚያዩት መስሎኝ ነበር። ለካ ምልክቷ የዓለም ሉል ነበረች።

ያችን ምልክት እወቂያት። ፌስቡክ ላይ በእያንዳንዱ ፖስት ላይ፣ ከስምሽ ሥር ቀኑ አጠገብ፣ ትንሽ ምልክት አለች። ሉል ከሆነች ዓለም ሁሉ ያየዋል፤ አካውንት የሌለው ሰው እንኳ ሊያየው ይችላል። ሁለት ሰዎች ከሆኑ ጓደኞችሽ ናቸው። ቁልፍ ከሆነች አንቺ ብቻ ነሽ። ፌስቡክ ለአዲስ ገቢዎች ከፐብሊክ ይልቅ ጓደኞችን እንደ መነሻ ማድረግ የጀመረው በ2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት የገባን ሰዎች ሳንነካው ከተውነው የድሮው ነገራችን ሁሉ ተበርግዶ ነው የቆየው። አንቺ መቼ እንደገባሽ አልጻፍሽልኝም፤ ለማንኛውም ፕሮፋይልሽ ላይ ግቢና ሦስቷን ነጥብ ነክተሽ «ቪው አዝ» የሚለውን ክፈቺው። የማያውቅሽ ሰው ሲገባ የሚያየውን ያሳይሻል። ልጅሽ ተኝታ፣ ባለቤትሽም አጠገብሽ ሳይኖር አድርጊው፤ የምታይው ነገር ያስደነግጥሻል።

አሁን «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሊሚት ፓስት ፖስትስ» የምትባል ነገር አለች፤ አንዴ ስትነኪያት ለሕዝብ ክፍት የነበረውን የድሮ ፖስት በሙሉ ወደ ጓደኞች ትመልሰዋለች። ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ቢነካት ደስ ይለኛል። አንቺ ግን ቆይ! የበርበሬሽም የሽሮሽም ፎቶ አብሮ ይዘጋል። አንዴ ከተዘጋ ደግሞ ባንድ ጊዜ መልሶ የሚከፍት ነገር የለም፤ አንድ በአንድ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትሳቺ፦ መጀመሪያ ሱቁን ከቤቱ አውጪው፣ ከዚያ ቤቱን ዝጊው።

ሱቁን ማውጣት ማለት ፔጅ መክፈት ነው። ከራስሽ አካውንት ሆነሽ ትከፍቺዋለሽ፣ የባልትናሽን ስም ትሰጪዋለሽ፣ ሲለጥፍም በዚያ ስም ነው እንጂ ባንቺ ስም አይደለም። ፔጅ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ይሁን፣ ሱቅ አይደል? ፔጁ ላይ በርበሬ ይታይ፣ ወንፊት ይታይ፣ ድርቆሹ ኮሙናሉ ላይ ሲሰጣ ይታይ። የልጅሽ እጅ እንኳ አይታይ። ደንበኞችሽን በግልሽ አካውንት ላይ «ወደዚያ ዞሬያለሁ» ብለሽ ለአንድ ወር ያህል ደጋግመሽ ንገሪያቸው፤ ሰው ቶሎ አይሰማም። የግሉ አካውንት ከ5,000 በላይ ጓደኛ ስለማይቀበል ገበያሽ ከሰፋ አንድ ቀን መሄድሽ አይቀርም ነበር። ፎቶዎቹ ተዛውረው ካለቁ በኋላ ነው እንግዲህ የድሮውን የምትገድቢው። የልደቷንና የዩኒፎርሟን ግን እስከዚያ አትጠብቂ፤ ዛሬ ማታ አንድ በአንድ ቁልፏ ላይ አድርጊያቸው።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ የፕሮፋይል ፎቶሽና ከላይ የሚሰፋው ከቨር ፎቶ ምንም ብታደርጊ ለሁሉም ይታያል። ከልጅሽ ጋር ያለሽበት ከሆነ ቀይሪው። የጀበና ፎቶም ያምራል፤ በሩን ዘግተሽ እስካነሣሽው ድረስ።

ቴሌግራም ላይም እንደምትሸጪ እርግጠኛ ነኝ፤ ቱሉ ዲምቱ ሆኖ ቴሌግራም የሌለው ባለባልትና የለም። ቻናል ከሆነ ደግ ነው፤ ገዢዎቹ እርስ በርሳቸው አይተያዩም፣ ስልክሽንም ከቻናሉ አያገኙም። ግሩፕ ከሆነ ግን አባላቱ ስምሽን ነክተው ወደ ፕሮፋይልሽ ይገባሉ። «ፕራይቬሲ» ውስጥ ገብተሽ ስልክ ቁጥርሽን «ኖባዲ» አድርጊው። ፎቶሽን «ማይ ኮንታክትስ» ልታደርጊው ትችያለሽ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። ኮንታክት ማለት ስልክሽ ላይ ስሙን የመዘገብሽው ሁሉ ነው። «በርበሬ ሰሚት»፣ «ሽሮ ጎሮ ሴትዮ»፣ «ድርቆሽ አልከፈለም» ብለሽ የመዘገብሻቸው ሁሉ ለቴሌግራም ዘመዶችሽ ናቸው። ዋትስአፕ ስታተስም እንደዚያው። ለሽያጩ ሌላ ሲም አውጪ፤ ቴሌግራም በአንድ ስልክ ላይ ከአንድ በላይ አካውንት ይይዝልሻል። መቶ ቅንብር ከመፈለግ ይህ ይቀልሻል።

ከስልክ ውጪ ደግሞ፦ ለሰርቪሱ ሹፌርና ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከእናትና ከአባቷ ሌላ ማን ሊወስዳት እንደሚችል በስም ንገሪያቸው። ለልጅሽም ስሟን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቃት እንዳልሆነ በገባት መጠን አስረጃት፤ የሰባት ዓመት ልጅ «ስሜን ካወቀ የእማዬ ጓደኛ ነው» ብላ ነው የምታስበው። ትምህርት ቤቷ በቴሌግራም ቻናሉ የልጆች ፎቶ የሚለጥፍ ከሆነም የልጄ ይነሣልኝ የማለት መብት አለሽ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ ይላል፤ ፌስቡክ ሳይታሰብ፣ ቴሌቪዥን እንኳ አገራችን ሳይገባ የተጻፈ ነው። በእርግጥ ለአደባባይ ሰውና ለአደባባይ ጉዳይ የተተወ ቀዳዳ አለው። ሕግ ጠቅሰሽ ተጣይ ማለቴ አይደለም፤ በትሕትና ስትጠይቂ ግን ውለታ እየለመንሽ እንዳልሆነ እወቂው።

ወደ ቢሾፍቱ እንምጣ።

አንቺ ሳትለጥፊ እንዴት ታየ? ታግ ስለተደረግሽ ነው። የባልደረባው ሚስት ለጓደኞቿ ብቻ ብላ ብትለጥፈው እንኳ አንቺን ታግ ስታደርግ ያንቺም ጓደኞች እንዲያዩት በሩ ይከፈታል፤ የአክስት ልጅ የገባችው በዚያ በር ነው። «ፕሮፋይል ኤንድ ታጊንግ» ውስጥ ሁለት ነገር አስተካክዪ። አንደኛው ታግ የተደረግሽበት ነገር አንቺ ሳትፈቅጂ ገጽሽ ላይ እንዳይወጣ የሚያደርገው ነው። ሁለተኛው የሚረሳው ነው፦ ታግ ስትደረጊ ከለጣፊው ሰዎች በተጨማሪ ማን ይይ ብሎ ይጠይቅሻል፤ «ኦንሊ ሚ» በዪው። ያለፈውን ታግ ደግሞ ራስሽ ማንሣት ትችያለሽ። ፎቶው ግን ሴትየዋ ገጽ ላይ ይቀራል፤ እሱን የምታነሣው እሷ ብቻ ናት፤ እንድታነሣው ግን አትጠይቂያት። ምን አጠፋች?

ብሎኩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አክስትየው ለመሆኑ ፌስቡክ አላቸው? «ልጃቸው አይታው ለእናቷ አሳየቻቸው» ነው ያልሽኝ። እንግዲያ ማንን ነው ብሎክ የምታደርጊው? ፌስቡክ አካውንት ነው የሚቆጥረው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን አንድ ስልክ በአንድ የቡና ሥርዓት ስድስት ሰው እጅ ይዞራል። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ፎቶው ሰፈሩን ይጨርሳል። ልጅቷን ብሎክ ብታደርጊያት ጎረቤቷ አለች፤ ጎረቤቷን ብታደርጊ ስክሪንሹት አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ቅንብሩ የሚጠብቅሽ ከማያውቅሽ ሰው ነው። ከሚያውቅሽ ሰው አይጠብቅሽም።

በዚያ ላይ ብሎክ ይታወቃል። ፌስቡክ አይነግራትም፤ ግን ስምሽን ስትፈልግ ታጣሽና «አጠፋችኝ» ትላለች። ቤተሰብ መሀል ያ ከኩርፊያም የባሰ ነው። ፎቶ ታየብኝ ብለሽ ሰው ከዘጋሽ ደግሞ የሚደበቅ ነገር ነበረሽ ማለት ነው፤ አንቺ ግን አልነበረሽም። የግድ ልጅቷ አንዳንዱን ባታይ ደስ ይለኛል ካልሽ «ሪስትሪክትድ» የሚል ዝርዝር አለ። እዚያ ስታስገቢያት ጓደኛሽ እንደሆነች ትቀራለች፣ ምንም ማሳወቂያ አይደርሳትም፣ ፐብሊክ ያደረግሽውን ብቻ ታያለች። አስተውዪ፦ ሁሉ ነገርሽ ፐብሊክ ሆኖ እያለ እሷን እዚያ ማስገባት ወንፊት ላይ ውኃ ማቆር ነው። ለዚህ ነው ሱቁን አስቀድሚ ያልኩሽ።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪው፦ አካውንትሽ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮም የቢሾፍቱው ፎቶ ይለጠፍ ነበር፤ የለጠፍሽው አንቺ አይደለሽማ! መዝጋት ያንቺን ብቻ ነው የሚያነሣው። ለጊዜው ማቦዘን አለ፣ ጨርሶ ማጥፋትም አለ፤ ጨርሶ ለማጥፋት ስትጠይቂ 30 ቀን ይሰጥሻል፣ በዚያ መሀል መልሰሽ ከገባሽ ይሰረዛል። ሥራሽ በዚህ ላይ ቆሞ ሳለ ግን ለምን? ደግሞስ የወሰዳችሁ የእሱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ወደ አክስቱ ቤት የሚሄደውም እሱ ራሱ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ወንዶች ሲከብዳቸው «ዝጊው» ይላሉ።

እሱ ካልሄደ አንቺ ሂጂ። እሑድ አይደለም፣ ሰው በተሰበሰበበትም አይደለም። በአዘቦት ቀን፣ አመሻሹ ላይ፣ ልጃቸውም ቤት ስትኖር። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ከሽሮሽ ግማሽ ኪሎ ያዥላቸው። ረጅም ማብራሪያ አትጀምሪ፤ ረጅም ማብራሪያ ውሸት ይመስላል። «እትዬ፣ ያን ቀን የወሰደን መሥሪያ ቤቱ ነው፤ እኛ የከፈልነው የለም። ቀሪውን መዋጮ ደመወዝ ሲገባ እናመጣለን» በያቸው፤ ቀኑንም ጥሪላቸው። ፎቶው ወጪውን ማን እንደቻለ አይናገርም፤ እሳቸው ያዩት ሐይቅ፣ ጥብስና የልጅሽን ሣቅ ነው። በእሳቸው ቦታ ብትሆኚ፣ ወንድምሽ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ አንቺስ ምን ትዪ ነበር? ሊቆጡ ይችላሉ። ይቆጡ፤ ሽሮውን ግን ይቀበሉሻል።

ልጅቷን ምንም አትበያት። ለእናቷ ፎቶ ማሳየቷ ነው፤ እኔም ብሆን አሳይ ነበር።